በ34 ዓመቴ ክርስትና ተነሣሁ

ልጅ ሳለሁ እናቴ እሑድ ጠዋት ቁርስ ሳታበላኝ ቤተ ክርስቲያን ወስዳኝ አታውቅም። የጎረቤት ልጆች ከሌሊት ጀምሮ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ሊቆርቡ ሲሄዱ፣ እኔ ገና ከመኝታዬ ሳልወርድ የበሶ ጭብጦ በእጄ ይገባ ነበር። እናቴም ጨርሼ እስክውጥ ቆማ ታየኛለች። «እኔስ ለምን እንደ እነርሱ አልቆርብም?» ስላት «አንቺማ በልተሻል» ትለኛለች። ቀጭን ልጅ ስለነበርኩ ለጤናዬ ተጨንቃ ይመስለኝ ነበር።

የጥምቀት በዓልም ሲደርስ እንዲሁ ነው። ካህናቱ የተባረከውን ውኃ መርጨት ሲጀምሩ ሕዝቡን በክንዷ እየከፈለች ከፊት ታደርሰኛለች። «ቅረቢ፣ በደንብ ይድረስሽ» እያለች ከኋላዬ ትገፋኛለች። ታናሽ ወንድሜን ግን አትገፋውም ነበር። እርሱ ከዳር ቆሞ ሁለት ጠብታ ከደረሰው ይበቃዋል።

የዚህን ሁሉ ምክንያት ያወቅሁት በ2006 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ ነው። በዚያን ጊዜ ትዳር ይዤ፣ ሁለት ልጆች ወልጄ ደብረ ብርሃን እኖር ነበር። ልጆቼ ክርስትና ተነሥተዋል፤ ልጅቷ በ80 ቀኗ፣ ወንዱ በ40 ቀኑ። እኔና ባለቤቴ ግን በሽማግሌ ተጋብተን በማዘጋጃ ቤት የፈረምን እንጂ የቆረብን አልነበርንም። በዚያ ፍልሰታ ንስሐ ገብተን ለመቁረብ ተስማማንና የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድን። አባ ባለቤቴን ስመ ክርስትናውን ጠየቁት፤ ነገራቸው። ወደ እኔ ዞረው «ያንቺስ ልጄ?» ሲሉኝ አፌ ተያዘ። በእኛ አገር ስመ ክርስትና ለባዕድ የሚነገር ስም ስላልሆነ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። እኔም እናቴን ስጠይቃት «ተጽፎ ነበር፣ ጠፋብኝ» ብላኝ በዚያው ትቼዋለሁ። አባም «ምንም አይደለም፣ የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። እናትሽን ጠይቂና ተመለሺ» ብለው አሰናበቱኝ።

እናትና አባቴ ደብረ ሲና ናቸው። ነሐሴ ነውና ከጣርማ በር ጀምሮ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት፣ አውቶቡሱ መብራቱን አብርቶ በቀስታ ወረደ። ቤት ስደርስ እናቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ስመ ክርስትናዬን ለአባ መንገር እንዳለብኝ ነገርኳት። እንዝርቱ በእጇ እየሾረ ነበር፤ ቆመ። ክሩ ተበጠሰ። የተበጠሰውን ጫፍ ለመቀጠል ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ጣቷ እየተንቀጠቀጠ እምቢ አላት። ከዚያ ዓይኗን ከጥጡ ሳታነሣ «ክርስትና አልተነሣሽም» አለችኝ።

የተወለድኩት በመስከረም 1973 ዓ.ም. ነው። ደርግ ፓርቲ ለማቋቋም የመሠረተው ኢሠፓአኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን) ከተመሠረተ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። አባቴ ካድሬ ነበር፤ ልጁን ክርስትና አስነሣ ተብሎ ከተወራበት በሂስና ግለ ሂስ መድረክ ላይ እንደሚያቆሙት ያውቃል። ሰማንያኛ ቀኔ ታኅሣሥ ላይ ዋለ። አያቴ ከመንዝ ድረስ የድፎ ዳቦ ዱቄት በአህያ አስጭና፣ በእጇ የፈተለችውን ትንሽ ነጠላ ይዛ መጣች። አባቴ «ትልቅ ስትሆን ራሷ ትምረጥ» አለ። አያቴ ሦስት ቀን ለመነችው። በአራተኛው ቀን ዱቄቱንም ነጠላውንም ትታ ሄደች፤ በዓመቱ ዐረፈች። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ያለቀሰችው ለእኔ አልነበረም። «እናቴ እንደ ተቀየመችኝ ሞተች» እያለች ነው ያለቀሰችው።

ደርግ ሲወድቅ አሥር ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ተወልዶ በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሣ። እኔንስ ለምን አብራችሁ አልወሰዳችሁኝም ስላት «አሥር ዓመት የሞላት ልጅ ይዤ ምን ብዬ ልሂድ? ቄሱ ምን ይሉኛል? ጎረቤት ምን ይለኛል?» አለችኝ። በየዓመቱ ሊነገር የታሰበው ነገር በየዓመቱ እየከበደ ሄደ። ሳገባ ልትነግረኝ አስባ ነበር፤ ስወልድም አስባ ነበር። በልጅነቴ ቁርስ የምታበላኝ ሳልጠመቅ እንዳልቆርብ ነበር። ቅዱስ ቁርባኑን እንዳታስደፍር ፈርታ፣ እውነቱንም ለመናገር ፈርታ፣ በሁለቱ መካከል ያገኘችው መላ በሶ ሆነ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በዚያ ዘመን ተወልደው፣ ወይም ወላጆቻቸው በሥራ፣ በስደት፣ በጦርነት፣ በሁለት ሃይማኖት ትዳር ምክንያት ሳያስጠምቋቸው አድገው ነገሩን በሆዳቸው ይዘው ለሚኖሩ ነው። ብዙ ናችሁ። እኔ ነገሬን ከተናገርኩ በኋላ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ብቻ ሁለት ሰዎች ለብቻዬ ጠርተው «እኔም እኮ» ብለውኛል።

መጀመሪያ የሠራሁትን ጥፋት ልናገር። እናቴን ተቆጣኋት። ከደብረ ሲና ተነሥቼ ስሄድ አልሳምኳትም፤ ስምንት ቀንም አልደወልኩላትም። 34 ዓመት ብቻዋን የተሸከመችውን ነገር አውርዳ በሰጠችኝ ቀን ጀርባዬን ሰጠኋት። እስከ ዛሬ ከሚቆጨኝ ነገር ሁሉ ይህ ይብሳል። ስለዚህ ወላጆቻችሁን ከመጠየቃችሁ በፊት መልሱን ለመስማት ልባችሁን አዘጋጁ። ቀኑንም ምረጡ፤ በበዓል ዋዜማ ወይም ሰው በተሰበሰበበት አትጠይቁ። በስልክም አታድርጉት።

ሁለተኛው ነገር፣ የጥምቀት በዓል ላይ መረጨትም ሆነ ጠበል መጠመቅ የክርስትና ጥምቀት አይደለም። እናቴ በየዓመቱ ጻድቃኔ ማርያም ድረስ ወስዳ ጠበል ታስጠምቀኝ ነበር። ሸንኮራ ዮሐንስም ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። እውነቱን ካወቅሁ በኋላ «ይህ ሁሉ አይቆጠርልኝም?» ብዬ አባን ጠየቅኋቸው። በዓሉ ጌታ በዮርዳኖስ መጠመቁን የምናስብበት በረከት ነው፤ ጠበሉም ለፈውስ ነው፤ ከውኃና ከመንፈስ ዳግመኛ የሚወለዱበት ምሥጢር ግን ሌላ ነው ብለው አስረዱኝ። በተቃራኒውም ጥምቀት አይደገምም። በጸሎተ ሃይማኖት «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት ለሥርየተ ኃጢአት» (ለኃጢአት ሥርየት በአንዲት ጥምቀት እናምናለን) የምንለው ስለዚህ ነው። ተጠምቃችሁ ሊሆን ይችላልና በግምት አትሂዱ። አባ እናቴ ራሷ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥታ እንድትነግራቸው ያደረጉት ይህን ለማረጋገጥ ነው። በሕይወት ያለ ምስክር የሌለው ሰውም ቢሆን የሚያውቀውን ሁሉ ለካህን ተናግሮ ውሳኔውን ከእነርሱ ይቀበል እንጂ ራሱ አይወስን።

ከዚያ በፊት ግን አንድ መሰናክል ገጥሞኝ ነበር። አባ ለጥቂት ሳምንታት ከከተማ ወጥተው ስለነበር ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አንድ አገልጋይ ጠየቅሁ። በሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ «እስከ ዛሬ ሳትጠመቂ ነው ስትሳለሚ የኖርሽው?» አለኝ። በአጠገቡ የነበሩ ሴቶች ዞረው አዩኝ። ዕንባዬን እየጠረግሁ ወጣሁና ሁለት ሳምንት ሙሉ ነገሩን ልተወው አሰብኩ። አባ ሲመለሱ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ገልጠው አነበቡልኝ፤ የንግሥት ሕንደኬን ጃንደረባ ታሪክ። «ይህ ሰው ሕፃን ነበር?» አሉኝ። በገንዘብ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ሹም ነበር። እኔም የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» የሚለውን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ራሴ ቃል አድርጌ ያዝኩት። እናንተም በአንድ ሰው ክፉ ቃል ተነሥታችሁ አትመለሱ፤ ሌላ ካህን ፈልጉ።

ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር፤ ሦስት ወር ገደማ ተማርኩ። ጸሎተ ሃይማኖትን፣ አምስቱን አእማደ ምሥጢር፣ ስለ ቁርባንና ስለ ንስሐ። ሌላ ቦታ ጊዜው ሊያጥር ወይም ሊረዝም ይችላል። እኛ አራት ነበርን። ከእኛ አንዱ ከይፋት ቆላ የመጣ፣ ቤተሰቦቹ ሙስሊሞች የሆኑ ወጣት ነበር። የእርሱን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ታሪኬ ግማሽ ይሆናል፤ ምክንያቱም ለእኔ ቤተሰብ ደስታ የሆነው ለእርሱ ቤተሰብ ሐዘን ነበር። እናቱ ስሙን መጥራት አቁማ ነበር። እርሱ ግን መሄዱን አልተወም። ከተጠመቀም በኋላ በኢድ ሄዶ ይጠይቃታል፤ በሩ ላይ ተቀምጦ ይመለሳል። ማተብህን ምን ታደርገዋለህ ብዬ ብጠይቀው «አልደብቀውም፤ ግን አላወዛውዝባትም» አለኝ። በሁለተኛው ዓመት ቡና አፍልታ እንደ ጠበቀችው ሰምቼ ከእርሱ እኩል አለቀስኩ። ወላጆቻችሁ በዚህ ነገር የሚጎዱ ከሆነ ጉዳታቸውን እንደ ጠላትነት አትዩት፤ ልጃቸውን ያጡ መስሏቸው ነው።

በትምህርቱ ልቤን የነካው ስለ ክህደትና ስለ እምነት የተማርነው ነው። ተጠማቂው መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን ይመሰክራል። ለሕፃን የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ይመልሱለታል። «አንቺ ግን በራስሽ አንደበት ነው» አሉኝ አባ። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የ80 ቀን ሕፃን የሚክደው ሥራ የለውም፤ እኔ ግን ነበረኝ። ከባለቤቴ እኅት ጋር በአማቴ ቤት ውርስ ምክንያት ተጣልተን ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም። በለቅሶ ቤት ስንገናኝ ፊት እናዞራለን። «እክህደከ ሰይጣን» ብዬ በምጮህበት አፍ ስሟን እንዴት እንደማነሣ አውቃለሁ። በኅዳር አንድ እሑድ ከባለቤቴ ጋር ቤቷ ሄድን። ስለ ውርሱ አንድ ቃል አላነሣሁም፤ ይቅር በይኝ ብቻ አልኳት። እርሷም መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አሞሻል እንዴ?» ብላ ነው። ለምን እንደመጣሁ ስነግራት ተነሥታ አቀፈችኝ። ለእኔ ጥምቀቱ የጀመረው ከዚያ ደጃፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

የክርስትና እናት ስትመርጡ ቅርበትን ብቻ አትመልከቱ። ለሴት ሴት፣ ለወንድ ወንድ ነው። ሃይማኖቷን የምታውቅ፣ ስትደክሙ መጥታ የምትገሥጻችሁ ሴት ትሁን። እኔ ጎረቤቴን መረጥኩ፤ በዕድሜ አሥር ዓመት ትበልጠኛለች። እናቴ በስተርጅናዋ አበልጅ አገኘች። ሁለቱ ዛሬ ከእኔ ይልቅ እርስ በርሳቸው ይደዋወላሉ።

ለእኅቶቼ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለመጠየቅ ስለሚያሳፍር ብዙዎች ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ቀኑ ከልማደ አንስት (ከወር አበባ) ጋር ከገጠመ ጥምቀቱ ይዛወራል። ስለዚህ ቀን ስትቆርጡ አስቀድማችሁ አስቡበት፤ ለካህኑ መናገር የሚከብዳችሁ ከሆነ የክርስትና እናታችሁ ትናገርላችሁ። ልብሱም ነጭ፣ ሰፊና ውኃ ሲነካው ገላ የማያሳይ ይሁን። ደረቅ ልብስ፣ ጋቢና ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ካልሲ ረስቼ ነበር።

ታኅሣሥ 12 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በታኅሣሥ ንጋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይተኛል። ክርስትና ቤቱ ስንገባ ገና አልነጋም። ጧፉን የያዘው ዲያቆን ትንፋሹ እንደ ጭስ ይታያል። አባ ወደ ምዕራብ አዞሩኝ። ቀኝ እጄን አንሥቼ ስጀምር ድምፄ አልወጣም፤ የክርስትና እናቴ ጀርባዬን በመዳፏ ነካችኝ፤ ያን ጊዜ ወጣ። ወደ ምሥራቅ ስዞር ከበሩ ስንጥቅ የሚገባ ቀጭን ብርሃን ፊቴ ላይ አረፈ። ከዚያ ውኃው። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ። ቅዝቃዜው እስትንፋሴን ቆረጠው፤ በሦስተኛው ግን ቀዝቃዛ መሆኑን ረሳሁት። ይህን ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክሬ ቃል አጥቼለታለሁ፤ የሆነውን ብቻ ነው የምጽፈው። ከዚያ በ36ቱ የሰውነት ክፍሎቼ ሜሮን ተቀባሁ፤ ማተብ አንገቴ ላይ ታሰረ፤ ስም ተሰጠኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። እርሱ የአባ፣ የቤተሰቤና የጸሎቴ ነው።

ነጭ ልብሴን ለብሼ ስወጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። በእጇ ያቺን የአያቴን ትንሽ ነጠላ ይዛለች፤ 34 ዓመት በሣጥን ውስጥ ኖራ ጥበቧ ብቻ ትንሽ ወይቧል። ለእኔ ልትሆን ስለማትችል አንገቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። «እናቴ ታየናለች» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም።

አባቴ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ከወር በፊት ስነግረው «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እናትሽን አትውቀሻት» ብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በነገሩ አልተነጋገርንም። ከክርስትና ቤት ስንወጣ ግን ከቅጽሩ በር አጠገብ፣ ከጥዱ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ቆሞ አየሁት። ባርኔጣውን አውልቆ በደረቱ ይዟል፤ ራሱ ላይ ውርጭ ወርዷል። ወደ ውስጥ ግባ አላልኩትም፤ እርሱም አልገባም። ቅዳሴው እስኪያልቅ ግን አልሄደም። የአባቴ ጉዳይ የአባቴ ነው፤ አላቻኮልኩትም፤ ወላጅ ያላችሁም እንዳታቻኩሉ እለምናችኋለሁ።

በዚያው ቅዳሴ ልጆቼ ከእኔ ጋር ቆረቡ። ባለቤቴ ንስሐውን ፈጽሞ ከእኔ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ሳይሆን በቁርባን የተጋባነው በኋላ ነው፤ የዚያን ቀን ከዳር ቆሞ ያየን ነበር። ስንወጣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ማተቤን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ «እማዬ፣ በክርስትና እኔ ታላቅሽ ነኝ ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ወዲያው እጄን ይዛ በደረጃው ላይ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጋ አወረደችኝ።

ጾመ ነቢያት ስለነበር ቤት የተበላው ሽሮ፣ ምስርና ድፎ ዳቦ ነው። ድፎውን የቆረሰው አባቴ ነው። የንስሐ አባታችን ሲባርኩ እርሱ እንጀራውን እያዞረ እንግዳ አስተናገደ፤ የባለቤቴ እኅትም ከእናቴ ጎን ተቀምጣ ጠላ ትቀዳ ነበር።

እናቴ አሁን እሑድ ጠዋት ገና ሳይነጋ ትደውልልኛለች። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «ልጄ፣ ምንም አልቀመስሽም አይደል?» ትለኛለች። አልቀመስኩም እላታለሁ። «ተይ እንግዲህ፣ ውኃም እንዳትነኪ» ትልና ስልኩን ትዘጋዋለች።